አዲስ ቤት ምኑ ይፈተሻል?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የፎርማኑ መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ገና ሳይሠራ የገዛነው ቤት አለቀ ተብሎ ተደወለልን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሦስት መኝታ፣ ሁለት መታጠቢያ ቤትና አንድ በረንዳ አለው። ርክክቡ የፊታችን ቅዳሜ ነው። የደወለችልኝ ልጅ «አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃችኋል፣ ፈርማችሁ ቁልፍ ትወስዳላችሁ» አለችኝ። ባለቤቴም «አዲስ ቤት ምኑ ይፈተሻል?» ይላል። ባለፈው በር ላይ ቆሜ አየት አድርጌዋለሁ። ነጭ በነጭ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። እንከን አላየሁበትም፣ ግን ልቤ አልረጋም። ስለ ግንባታ የማውቀው ነገር የለኝም። ምኑን ልይ? አልፈርምም ብልስ ምን ይመጣል? (ልቧ ያልረጋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ አለመርጋቱ ጥሩ ነው። እንደዚያው ሆነሽ ቅዳሜ ድረሺ። አሥራ አምስት ደቂቃ መስኮቶቹን ከፍቶ ለመዝጋት እንኳ አይበቃም። ግማሽ ቀን ያዢ። ልጅቷንም ከአሁኑ ንገሪያት፣ ያን ቀን ሰዓቷን እያየች እንዳታጣድፍሽ።

ለባለቤትሽ ደግሞ እንዲህ በይልኝ። የቆየ ቤት ጉዱን አውጥቶ ጨርሷል። የሚያፈሰው አፍስሷል፣ የሚሰነጠቀው ተሰንጥቋል። አዲስ ቤት ውስጥ ግን ገና ማንም አልኖረም። ሻወሩ ሥር የታጠበ ሰው የለም። ሶኬቶቹ ላይ የተሰካ ነገር የለም። ምናልባት አንድም ደህና ዝናብ አልወረደበትም። የመጀመሪያዎቹ ሞካሪዎች እናንተ ናችሁ። መሞከራችሁማ አይቀርም፤ የሚለየው ከፊርማው በፊት ወይም በኋላ መሆኑ ነው።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በግንባታ ሥራ ነው፣ አብዛኛውን በፎርማንነት። ከሚያስረክበው ወገን ስለነበርኩ ጓዳ ጎድጓዳውን አውቀዋለሁ። የርክክብ ቀን ሲቃረብ ሰውም ገንዘብም የሚሮጠው ወደ ቀለምና ወደ ጽዳት ነው። ገዢው የሚያየው እሱን ነዋ! ስለዚህ የሚያብረቀርቀውን ለጊዜው እርሺው። ቤቱን አትዪው፣ አሠሪው። ውሃውን ልቀቂ፣ መብራቱን አብሪ፣ በሩን ዝጊ፣ ባልዲውን ድፊ።

ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ «ውሃና መብራት ገብቷል?» ብለሽ ጠይቂ። ካልገባ ቀኑ ይዛወር። «ሰሞኑን ይገባል» ብለው የግድ ካሉሽ፣ የርክክብ ወረቀቱ ላይ «ውሃና ኤሌክትሪክ አልተሞከረም» ተብሎ ይጻፍ። ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ አንዱ ላይ ሆኖ ቧንቧ ሲከፍት ሌላው ታች ሆኖ ያያል። በቀን ብርሃን ይሁን። ዕቃ የሚባል ነገር ደግሞ ገና አይግባ። ቅዳሜ ዝናብ ከጣለ ቀኑን እንዳትቀይሪ፤ እንዲያውም ዕድለኛ ነሽ።

የምትይዢው ቀላል ነው። ባልዲ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ እርሳስ፣ ሶፍት፣ የስልክ ቻርጀር፣ ሳንቲምና ሳይጎዳ የሚላቀቅ የወረቀት ፕላስተር። ውሃ ልክ ከሌለሽ ስልክሽ ላይ አለ፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ከውሃ ጀምሪ። ቤት ውስጥ ከሚበላሸው ነገር አብዛኛውን የሚያበላሸው ውሃ ነው፣ ያውም ከግድግዳና ከወለል ሥር ሆኖ።

አንድ ነገር ከውስጥ ሆኜ ልንገርሽ። ሴራሚክ የሚያነጥፈው ልጅ ማታ ሥራ ሲጨርስ ባልዲውን የት የሚያጥበው ይመስልሻል? እዚያው ቅርቡ ያለው ቀዳዳ ላይ ነው። ቀዳዳው ደግሞ የሻወርሽ ፍሳሽ ነው። የተረፈው የሲሚንቶ ውሃም፣ የሴራሚክ መገጣጠሚያ መሙያውም፣ የቀለም እጣቢውም እዚያው ይገባል። ሲሚንቶ ለመጠንከር አየር አይፈልግም፤ ውሃ ውስጥም ይጠነክራል። ስለዚህ ቱቦው መታጠፊያ ላይ ቁጭ ብሎ ድንጋይ ይሆናል። ባለ 5 ሴንቲ ቱቦ ተደፍኖ ጣት የማያስገባ ይሆናል። ከላይ ስታዪው የሚያምር የኒኬል ክዳን ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ብታፈሺበት ይወርዳል፣ «ይሠራል» ብለሽ ታልፊያለሽ። ችግሩ የሚወጣው አራት ሰው በተከታታይ የታጠበ ዕለት ነው።

ስለዚህ በብርጭቆ አትሞክሪ። ክዳኑን አንሺና በባትሪ ወደ ውስጥ እዪ። ከዚያ ባልዲ ሙሉ ውሃ በአንድ ጊዜ ድፊ። ደግመሽ ድፊ። ውሃው ተዘፍዝፎ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ መዝግቢ። እየወረደ ጉርጉር የሚል ድምፅ ካሰማ እሱንም መዝግቢ፤ ቱቦው አየር የሚያገኝበት መንገድ የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። አየር የሌለው ቱቦ ሲፎኑ፣ ማለትም ከፍሳሹ ሥር ያለው ውሃ የሚይዘው መታጠፊያ፣ ውስጥ መቅረት ያለበትን ውሃ ይመጠዋል። እዚያ የምትቀረው ወደ 5 ሴንቲ ገደማ ውሃ ናት ሽታውን አፍና የምትይዘው። እሷ ከሄደች ቤቱ ይሸታል፤ የቱንም ያህል ብታጥቢ ሽታው አይለቅሽም።

ባልዲውን ስትደፊ ሌላም ነገር እዪ፤ ውሃው ወዴት ነው የሚሮጠው? የመታጠቢያ ቤት ወለል በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ያህል ወደ ፍሳሹ ማዘንበል አለበት። ጥግ ላይ ኩሬ ከቀረ፣ ወይም ብሶ ውሃው ወደ በሩ ከሄደ፣ ሴራሚኩ ተነሥቶ እንደገና ከመሠራት ሌላ መላ የለውም። «በመጥረጊያ ትገፊዋለሽ» ይሉሻል። እሺ እንዳትዪ። ይህን ቃል ብዙ ሰው ሲቀበለው አይቻለሁ፤ ከዚያ ዕድሜ ልክ ሲገፋ ይኖራል።

አሁን ዋናው ፈተና። የፍሳሹን ቀዳዳ በፕላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ ድፈኚ። በሩ ላይ ከፍ ያለ ደፍ ከሌለ እዚያም በአሸዋ ከረጢት ወይም በጨርቅ ገድቢ። ወለሉ ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ውሃ ሙዪና ዳር ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። እስከ ማግስቱ ይቆይ፤ ሙሉ 24 ሰዓት። ከዚያ ታች ወርደሽ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለውን ጣሪያ አዪ። ውሃው ከምልክቱ በደንብ ከወረደ፣ ወይም ታች ጣሪያው ላይ እርጥበት ከታየ፣ ከሴራሚኩ ሥር ያለው ውሃ መከላከያ አልሠራም፣ ወይም ጭራሽ የለም። በረንዳውንም እንዲሁ። ይህ ፈተና ሁለት ቀን ስለሚይዝ አርብ ውሃው እንዲሞላ ከአሁኑ አስፈቅጂ። «አይቻልም» ካሉሽ ለምን እንደማይቻል በጽሑፍ ይስጡሽ በይ። ብዙ ጊዜ ያኔ ይቻላል።

የቧንቧው ነገር አጭር ነው። ሁሉንም ቧንቧ በአንድ ጊዜ ክፈቺና ሻወሩ ምን ያህል እንደሚዳከም እዪ። ላቫማኖውን ሙዪው፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ልቀቂው፤ ከሥሩ ባሉት መገጣጠሚያዎች ላይ ደረቅ ሶፍት አስኪጂባቸው። ዓይን ያላየውን እርጥበት ሶፍት ያሳያል። በየቦታው ያሉትን መዝጊያ ቫልቮች እያንዳንዳቸውን ዘግተሽ ክፈቺ። ከዚያ ሁሉንም ቧንቧ ዝጊና ወደ ቆጣሪው ሂጂ። ቁጥሩን በስልክሽ አንሺው፤ ለግማሽ ሰዓት ማንም ውሃ አይንካ። ትንሿ መዘውር ከተንቀሳቀሰች ግድግዳው ወይም ወለሉ ውስጥ የሚያፈስ ነገር አለ። የመጸዳጃ ቤቱን ታንከርም አትርሺው፤ ትንሽ ቀለም ያለው ነገር ጨምሪበትና ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቂ። ቀለሙ ታች ሳህኑ ውስጥ ከመጣ ጎማው አልገጠመም።

ማንሆሉንም፣ የፍሳሹን መፈተሻ ጉድጓድ፣ አስከፍቺው። ሰው ላይ ሆኖ ሽንት ቤቱን ይልቀቅ፣ አንቺ ታች ሆነሽ ተመልከቺ። ውሃው ባንድ ጊዜ ደርሶ ካለፈ ጥሩ። ማንሆሉ ውስጥ የአሸዋ ክምር፣ የብሎኬት ስባሪ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ካየሽ እንዳትገረሚ። ጠርገው እስኪጨርሱ ግን አትፈርሚ።

ወደ መብራቱ እንለፍ። የብሬከር ሳጥኑን ክዳን ክፈቺ፤ በብሎን የታሰረውን የውስጡን ሽፋን ግን አትንኪ። እያንዳንዱ ብሬከር ላይ የቱን እንደሚያዝ ተጽፏል? ካልተጻፈ አንድ በአንድ እያጠፋችሁ አጽፊ። «ቲ» የሚል ፊደል ያለበት ቁልፍ የተለጠፈበት መሣሪያ ፈልጊ። ኤሌክትሪክ ሾልኮ ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው ሲሄድ የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ለመኖሪያ ቤት የተለመደው በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው ነው። መብራት እያለ ቁልፉን ስትጫኚው ጠቅ ብሎ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ አይሠራም። ጭራሽ ከሌለ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ጻፊው።

ቻርጀርሽን ይዘሽ እያንዳንዱ ሶኬት ላይ ሰኪ፤ አንድም አይቅርሽ። ቻርጀር የሚነግርሽ ግን ኤሌክትሪክ መኖሩን ብቻ ነው። የመሬት ሽቦው መታሰሩን አያውቅም። ለዚያ ሦስት አምፖል ያላት የሶኬት ቴስተር አለች፤ ርካሽ ናት፣ ማንም ኤሌክትሪሻን አያጣትም። እሷም ብትሆን የመሬቱና የኒውትራሉ ሽቦ ተቀያይረው ከሆነ አትነግርሽም። ስለዚህ ለዚህ ክፍል አንድ ኤሌክትሪሻን ለሰዓት ያህል ብትይዢ አይቆጭሽም። ሁለት ነገር ጠይቂው። ቦይለሩና ምድጃው የየራሳቸው መስመር አላቸው ወይ? ብሬከሩስ ለሽቦው ልክ ነው ወይ? ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ነጠላ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ላይ የሚገባው 16 ወይም 20 አምፔር ነው። 32 ከተገጠመበት፣ ብሬከሩ ሳይወድቅ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። «ቶሎ ቶሎ እየወደቀ ስላስቸገረ ነው ትልቅ ያደረግነው» የሚል መልስ ከሰማሽ ይህን ቤት የሠሩትን ሰዎች አወቅሻቸው ማለት ነው።

ስንጥቅ። ስንጥቅ ያየ ሰው ወይ «ቤቱ ሊወድቅ ነው» ይላል፣ ወይ «ልስን ነው፣ ተዪው» ይላል። እስቲ ቀርበሽ እዪው። ኮንክሪት ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ ግድግዳና ልስን ውስጥ ያለው ውሃ ግን ወጥቶ እስኪያልቅ ወራት ይወስዳል። ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ ልስኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ብታዪ መዝግቢው እንጂ እንቅልፍ አትጪ።

ቀጥ ያለ መስመር፣ ኮለኑ (የኮንክሪቱ አምድ) ከብሎኬቱ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ኮንክሪትና ብሎኬት እኩል አይኮማተሩም፣ እኩል አይሞቁም። በመካከላቸው ከልስኑ ሥር የሽቦ መረብ መግባት ነበረበት። ቤቱ አይወድቅም። ግን በስቱኮ ጠቅጥቀው ቀለም ቢቀቡት ተመልሶ ይመጣል። ልስኑ ተፈንቅሎ መረብ ገብቶበት ይለሰን በይ፤ እንዲያ ብለሽም አጽፊው። «ይጠገናል» የሚለው ቃል ብቻውን ስቱኮ ማለት ነው።

አምድ ወይም ቢም (አግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ) ላይ ያለ ስንጥቅ፣ የሳንቲም ጠርዝ የሚያስገባ ስንጥቅ፣ አንዱ ጫፉ ጠባብ ሌላው ሰፊ የሆነ፣ በብሎኬቱ መገጣጠሚያ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ፣ ወይም በግድግዳው በሁለቱም በኩል የሚታይ ከሆነ ግን እኔም አንቺም ዝም እንበል። መሐንዲስ ይየው። እስኪያየው ድረስ እስክሪብቶሽ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ።

የተደበቀውን ለማየት ክፍሉን አጨልሚና ባትሪውን ግድግዳው ላይ ለጥፈሽ ጎን ለጎን አብሪ። ከፊት ለፊት ያልታየው ጉብታ፣ የተለጠፈ ልስን፣ ትናንት የተቀባ ጥገና ሁሉ ጥላ እየጣለ ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀለሙ ከሌላው የነጣ ከሆነ «እዚህ ምን ነበር?» በይ። ግድግዳ ሥር ነጭ ዱቄት ካየሽ በእጅሽ ጥረጊውና ፎቶ አንሺው። ውሃ በግድግዳው ውስጥ ሲያልፍ ጨው ይዞ ወጥቶ ነው። ከተመለሰ ውሃው አሁንም እየመጣ ነው።

ሴራሚኩን በሳንቲም ኳ ኳ አድርጊው፤ ወለሉንም ግድግዳውንም። ድፍን ድምፅ ጥሩ ነው። ባዶ ድምፅ የሚሰማው ከሥሩ ማጣበቂያ ሳይደርስ ሲቀር ነው። አንዳንድ አንጣፊ መሀሉ ላይ ጉብ ጉብ አድርጎ ያስቀምጥና ይጫነዋል፣ ጥጎቹ ባዶ ይቀራሉ። ከባድ ዕቃ እግሩ ጥጉ ላይ ሲያርፍ ይሰበራል። እዚህም እዚያም አንዳንድ ቢገኝ አልጣላም። ሻወር ግድግዳ ላይ ከሆነ ግን እጣላለሁ፤ እዚያ ከኋላው ውሃ ይገባል፣ አንድ ቀንም ይወርዳል። ባዶ በሆነው ላይ ፕላስተር ለጥፊበት።

በሮቹን በእኩሌታ ክፈቺና ልቀቂያቸው። በሩ በራሱ ከተከፈተ ወይም ከተዘጋ መቃኑ ቱንቢውን ስቷል። የእንጨት በር ከሆነ አንድ ማንም የማያየው ቦታ አለ፤ የበሩ የላይና የታች ጠርዝ። ቀለም ቀቢ ቁመቱ የማይደርስበትንና ጎንበስ የሚያስብለውን አይወድም። ስልክሽን በራስ ፎቶ ካሜራ አድርገሽ ከበሩ ሥር አስገቢውና እዪው። እርቃኑን የቀረ እንጨት እርጥበት ይመጥና ያብጣል፤ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ደግሞ ቶሎ ነው። ለማስተካከል አንድ ቀቢ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም፣ ዛሬ ከጠየቅሽ።

መስኮቶቹ ሥር ያለው የውጭ ደፍ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ ውሃ አፍስሺበትና እዪ። የበረንዳውን መከታ ያዢና ነቅነቅ አድርጊው። የብዙ አገር የግንባታ ደንብ ቁመቱን አንድ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ያደርገዋል፤ በብረቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ደግሞ ከ10 ሴንቲ አያሳልፍም። የልጅ ጭንቅላት እንዳያልፍ ነው። ሜትርሽን አውጪና ለኪ። በዚያው ክፍሎቹንም ለኪያቸው። ውሉ ላይ ያለው ስፋት የግድግዳውን ውፍረትና የደረጃውን ድርሻ ይጨምራል ወይስ የውስጡ ብቻ ነው? ውሉን ሳታዪ አትከራከሪ።

አሁን ወደ ፊርማው። «አልፈርምም ብልስ?» ብለሻል። መጀመሪያ ሁለቱን ለዪ። ትልልቅ ግንባታዎች የሚዋዋሉበት የፊዲክ ውል የሚሄድበት መንገድ ጥሩ ነው፤ ቤቱን እንዳትጠቀሚ የማያግድ ጥቃቅን ጉድለት ርክክብን አያስቀርም፣ ተመዝግቦ ይታረማል። የተጫረ መስታወት፣ የቀለም ጠብታ፣ ያልገጠመ እጀታ ከዚህ ወገን ነው። ውሃ የሚያሳልፍ ወለል፣ ኤሌክትሪክ ሲሾልክ የማይቆርጥ መሣሪያ፣ የተደፈነ ፍሳሽ፣ የተሰነጠቀ አምድ ግን ጥቃቅን አይደለም። ለመጀመሪያው ዘርዝረሽ ፈርሚ። ለሁለተኛው ሳይሠራ አትፈርሚ። የአንቺ ውል ምን እንደሚል ደግሞ ዛሬ ማታ አንብቢው፤ ርክክብን የሚመለከተውን አንቀጽ ፈልጊ።

ዝርዝሩን ስትጽፊ ክፍሉን፣ ቦታውንና ጉድለቱን ለዪ። «መታጠቢያ ቤት ችግር አለው» አይባልም። «ትልቁ መታጠቢያ ቤት፣ ከበሩ በስተግራ ጥግ፣ ውሃ ይቋጥራል» ይባላል። በፕላስተር ቁጥር ለጥፊበትና ፎቶ አንሺ፤ ዝርዝሩም ላይ ያው ቁጥር ይስፈር። በየትኛው ቀን እንደሚታረም ይጻፍ። በሁለት ቅጂ ይፈረም፣ አንዱ ካንቺ ጋር ይቅር። ቀድሞ የተተየበው ቅጽ ላይ «ቤቱን በሙሉ ጤንነቱ ተረክቤአለሁ» የሚል መስመር ካለ ሰርዢና ከጎኑ «በተያያዘው ዝርዝር መሠረት» ብለሽ ጻፊ። ልጅቷ «ይህ ቅጽ አይነካም» ልትል ትችላለች። ምስኪን፣ እሷም የታዘዘችውን ነው። አለቃዋን ጥሪልኝ በያት። ያልተከፈለ የመጨረሻ ክፍያ ካለ ደግሞ ከእርማቱ ጋር አያይዢው። በብዙ የግንባታ ውል ውስጥ ለዚሁ ሲባል 5 ወይም 10 በመቶ ይያዛል።

ይህ የዛሬ ሰው ጭቅጭቅ እንዳይመስልሽ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው የባቢሎኑ ሐሙራቢ ሕግ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ቤቱ ወድቆ ባለቤቱን ከገደለ ግንበኛው ይገደል የሚለውን ነው። እኔ የምወደው ግን 233ኛውን ነው። ግድግዳው ካዘነበለ ግንበኛው በራሱ ገንዘብ ያጠንክረው ይላል። ያንቺም ዝርዝር ከዚህ የተለየ ነገር አይጠይቅም።

ቁልፍ ስትቀበዪ የሁለቱን ቆጣሪዎች ንባብ ወረቀቱ ላይ አስጽፊ። የቧንቧና የሽቦ መስመር የሚያሳየውን ሥዕል፣ የቦይለርና የፓምፕ ዋስትና፣ የቀለሙን ቁጥርና የተረፈ ሴራሚክ ጠይቂ። የበሩን ቁልፍ ሲሊንደር በዚያው ቀን ቀይሪ፤ ስንት ሠራተኛ እጅ እንደገባ ማንም አያውቅም።

ጥያቄ፦ እኔ ዘግይቻለሁ፤ ፈርሜ ከገባሁ ወራት አልፈዋል። መታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ቢጫ ክብ ወጥቷል። አስረካቢዎቹ «ቀለም እንቀባልሃለን» ይላሉ። እሺ ልበል? (የዘገየው)

መልስ፦ አትበል ወንድሜ። መጀመሪያ ክቡን ዙሪያውን በእርሳስ ክበበውና ቀን ጻፍበት። መስመሩን እያለፈ ከሄደ ውሃው አሁንም እየመጣ ነው። ከዚያ መቼ እንደሚረጥብ ተከታተል። ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ንጹሕ ውሃ የሚያመጣው ቧንቧ ነው የሚጠረጠረው፤ እሱ ውስጥ ውሃው ቀንና ሌሊት ግፊት ላይ ነው። ላይ ያሉት ጎረቤቶችህ ሲታጠቡ ብቻ ከሆነ የፍሳሹ ቱቦ ወይም የወለላቸው ውሃ መከላከያ ነው። ዝናብ ሲጥል ብቻ ከሆነ ደግሞ ጣሪያው፣ አሸንዳው ወይም የውጭ ግድግዳው ነው። ይህን ይዘህ ስትሄድ ማንም ቀለም ሊያወራህ አይደፍርም።

መፈረምህ መብትህን ሁሉ አልወሰደውም። አብዛኛው ውል ከርክክብ በኋላ የጉድለት ማሳወቂያ ጊዜ አለው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት። ጊዜው ሳያልፍ በደብዳቤ አሳውቅ፤ ስልክ ደውሎ መናገር ቀን አይቆጠርለትም። ፎቶዎቹን አያይዝ፣ ደብዳቤው መድረሱን አስፈርም። ቀለሙን ምንጩ ተገኝቶ ከተጠገነና ኮርኒሱ ከደረቀ በኋላ ይቅቡልህ።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ከማድረግ ለምን ባለሙያ አልቀጥርም? የሚያስረክበው ድርጅት አንድ ሰው ጠቁሞኛል። (ጊዜ የሌላት)

መልስ፦ ቅጠሪ፣ ግን የጠቆሙሽን አይደለም። ሻጩ የጠቆመው ሰው ነገም እንዲጠቆም ይፈልጋል። ከመቅጠርሽ በፊት ሌላ ቤት ላይ የጻፈውን ሪፖርት አሳየኝ በይው። ፎቶና ቦታ ከሌለበት ተዪው። ጣሪያ ላይ ይወጣል? ማንሆል ይከፍታል? ቴስተር ይዞ ይመጣል? አንቺም አብረሽው ዙሪ፣ ሲያይ የሚያየውን እዪ። ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ጫማው እንደገባ ንጹሕ ከሆነ ሒሳቡን ለመክፈል አትቸኩዪ።